ማታ ማታ ጫማዬ አልገባ ይለኛል

ጠመኔ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 56 ነው። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ 31 ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። እግር እንዳለኝ ያስታወስኩት ግን ገና ዘንድሮ ነው።

ስድስት ሳምንት ሆነው። ጠዋት ስነሣ እግሬ ደህና ነው፤ የቁርጭምጭሚቴ አጥንት እንደ ድሮው ይታያል። ወደ ቀትር ገደማ መክበድ ይጀምራል። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ስወጣ የጫማዬ አፍ ሥጋዬን ነክሶታል። ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ቦይ የተቀደደበት ይመስላል፤ ከቦዩ በላይም በታችም ተነፍቷል። ቅልጥሜን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ይሰረጉዳል። የቁጥር ሰው ነኝና ቆጠርኩት፤ ስርጉዱ እስኪሞላ 40 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል።

ሕመሙ እንደ ቁስል አይደለም። ቆዳዬ የጠበበኝ ነው የሚመስለው። ቀን ይወጥረኛል፣ ሌሊት ደግሞ ይጠዘጥዘኛል። የእግሬ ጀርባ እንደተወለወለ ያብለጨልጫል።

በልብስ ሰፊ ሜትር ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብዬ ለካሁት፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀኙ 22፣ ግራው 22.5 ሴንቲ ሜትር። ማታ 1 ሰዓት ላይ ቀኙ 24.5፣ ግራው 25.5።

እስካሁን ያደረግሁትን ልናዘዝ። በሙቅ ውሃ ጨው ጨምሬ ነከርኩት፤ ውስጡ እያለ ደስ ይላል፣ ሲወጣ ግን ቀልቶና ይበልጥ ተነፍቶ ነው። ውሃ መጠጣት ቀነስኩ፤ ትርፌ ራስ ምታትና ድርቀት ብቻ ሆነ። አንዲት ባልደረባዬ «እኔን ያዳነችኝ ይቺ ናት» ብላ ከራሷ መድኃኒት ላሲክስ የምትባል ሽንት የምታስወጣ አንዲት ኪኒን ሰጠችኝ። ጠዋት ዋጥኳትና ክፍል ገባሁ። የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ እያስረዳሁ ሦስት ጊዜ ወጣሁ፤ ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ይሳሳቃሉ። ማታ ትንሽ ቀለል አለኝ፣ በማግሥቱ ግን እንደነበረው ሆነ።

ልጄ «ኩላሊትሽ ነው» አለች። ባለቤቴ «ልብሽ ነው» አለ። እኅቴ «ዕድሜሽ ነው» አለች። እኛ ቤት ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም።

ግፊት አለብኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ። ስኳር የለብኝም። ቀጠሮዬ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ልጠብቅ ወይስ ልሩጥ? በዚህ እግሬ መሮጥ ከቻልኩ ማለቴ ነው።

ቸኩሎ፦
እትዬ፣ ምንም አይደለም። ዕድሜና መቆም ነው። ባትዎን በቅባት ጠንከር አድርገው ያሳሹት፣ ደሙ ይንቀሳቀሳል። እናቴን የተሻላት በሱ ነው።

ረጅም መንገድ፦
ወንድሜ ቸኩሎ፣ ስምህን ራስህ ነህ ያወጣኸው? አታሳሹ!

እህቴ፣ እኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሁለት ቀን ሙሉ ከመሪ ሳልነሣ ነዳሁ፤ የወረድኩት ነዳጅ ለመቅዳት ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የግራ ባቴ ጠጥሮ፣ ሞቆና አብጦ አገኘሁት። ስረግጥ ከጉልበቴ ጀርባ ይወጋኛል። ጡንቻ ነው አልኩና ረዳቴን «እሸኝ» አልኩት። ልጁ ጉልበታም ነበር፣ አልሰሰተብኝም። ማታ አንድ ፎቅ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ። አየር ስስብ ጎኔን ይወጋኛል። ሆስፒታል አልትራሳውንድ ሲያነሡኝ ከጉልበቴ ጀርባ እስከ ታፋዬ ድረስ ደም ረግቷል፤ ከሱም ተቆርጦ ሳንባዬ የገባ ነበር። ሐኪሙ «የረጋ ደም አለበት ተብሎ የሚጠረጠር እግር አይታሽም» ያለኝን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስድስት ወር ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወሰድኩ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምጠይቅሽ ይህን ነው፤ ያበጠው አንዱ ነው ሁለቱም? በአንድ ቀን ድንገት ነው ወይስ ቀስ እያለ? አንዱ ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ከጠዘጠዘ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ የዚያኑ ቀን መታየት ነው። በተለይ ሰሞኑን ኦፕራሲዮን ያደረገ፣ አልጋ ላይ የሰነበተ፣ ረጅም ጉዞ የተቀመጠ፣ የወለደች ወይም ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የምትወስድ ከሆነች። ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት መውጋት፣ ደም የተቀላቀለበት ሳል ከተጨመረበት ደግሞ ሰዓት አይቆጠርም።

ሜትሩ እጅሽ ላይ ካለ ባትሽንም ለኪ። ከጉልበትሽ በታች ቅልጥምሽ ላይ የምትዳሰሰውን ጉብታ ፈልጊና ከሷ 10 ሴንቲ ሜትር ወርደሽ ዙሪያውን ለኪ። ሐኪሞች በሁለቱ ባቶች መካከል ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ሲያዩ ጥርጣሬያቸው ይጨምራል። ልዩነት አለመኖሩ ግን ነጻ ነሽ ማለት አይደለም።

ጠመኔ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አስደንግጠውኝ ወዲያው ተነሥቼ ለካሁ። ቀኙ 37፣ ግራው 37.8። ማበጥ የጀመሩት ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፣ ግራው ግን ሁልጊዜ ትንሽ ይቀድማል። ባቴ አልጠጠረም፣ አይሞቅም። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያመኛል እንጂ ትንፋሽ አያጥረኝም።

ቸኩሎ፣ አትቀየም ልጄ። እኔም እኮ ትናንት አሽቼዋለሁ።

ከመደርደሪያው ጀርባ፦
እትዬ፣ ፋርማሲስት ነኝ። እግር አበጠብኝ የሚል ሰው ስሰማ ስለ እግሩ ከመጠየቄ በፊት የመድኃኒት ከረጢቱን አምጣ እላለሁ። የሚውጡትን ሁሉ ከነሚሊ ግራሙና ከጀመሩበት ጊዜ ጋር ይጻፉልኝ። «ለትንሽ ነገር» የሚውጡትንም፣ ከጎረቤት የተበደሩትንም።

ሌላም ልጠይቅዎት። ሲተኙ ስንት ትራስ ይደርባሉ? ሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት ባንነው ይነሣሉ? ሽንትዎ እንደ ሳሙና አረፋ ይሠራል? ጠዋት ሲነሡ የዓይንዎ ዙሪያ ያብጣል? ሆድዎስ?

ጠመኔ፦
ትራስ አንድ፣ እሱም ስስ ነው። ባንኜ አልነሣም። አረፋ የለም (ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በትኩረት አየሁ፣ ይቺን ነገር በሕይወቴ አደርጋለሁ ብዬ አላስብም ነበር)። ፊቴ አያብጥም። ሆዴ ያው የድሮው ሆዴ ነው።

መድኃኒቶቹን ከካርቶኖቻቸው ገለበጥኩ። ለግፊት አምሎዲፒን፤ ሦስት ዓመት 5 ሚሊ ግራም ስወስድ ነበር፤ ግፊቴ አልወርድ ሲል ከሁለት ወር በፊት ወደ 10 ከፍ ተደረገልኝ። ለጉልበቴ ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም፣ ጠዋትና ማታ። ይቺኛዋን ማንም አላዘዘልኝም፣ ራሴ ነኝ የምገዛት። ሦስት ወር አልፏታል። እግሬ ካበጠ ወዲህ ደግሞ ለሌሊቱ ሕመም እያልኩ አንዳንዴ ሦስተኛ እጨምራለሁ።

ስጽፈው አንድ ነገር ታየኝ፣ ግን ከአንቺ ልስማው።

ከመደርደሪያው ጀርባ፦
የታየዎት ልክ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ተጠርጣሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አንደኛው አምሎዲፒን ነው። ጥሩ የግፊት መድኃኒት ነው፣ ግን እግር በማሳበጥ ይታወቃል። ደም ወደ እግር የሚያወርዱትን ጥቃቅን ሥሮች ያሰፋል፤ ደሙን ወደ ላይ የሚመልሱትን ግን በዚያው ልክ አያሰፋም። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ የሆነ በር ያስቡ። በመካከል ያለው ግፊት ሲጨምር ፈሳሹ ከሥሩ እየሾለከ ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቆመው ሲውሉ ደግሞ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ከመጠኑ ጋር የተያያዘ ነው። መድኃኒቱ በተፈተነበት ጥናት 5 ሚሊ ግራም ከወሰዱ 100 ሰዎች 3 ያህሉ፣ 10 ሚሊ ግራም ከወሰዱት 11 ያህሉ እብጠት ገጥሟቸዋል። ሴቶች ላይ ከወንዶች ከእጥፍ በላይ ይበዛል። መጠኑ የጨመረው ከሁለት ወር በፊት ነው፣ እብጠቱ የጀመረው ከስድስት ሳምንት በፊት። ሒሳቡን እርስዎ ይሥሩት።

ላሲክሷ ያልሠራችውም ለዚህ ነው። ላሲክስ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ ያደርጋል። እርስዎ ጋ ያለው ችግር ግን የውሃ መብዛት ሳይሆን የበሩ ነገር ነው። ሐኪም ሳያዝ የሚወሰድ ላሲክስ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ያዞራል፣ ይጥላል። ለባልደረባዎ ልበ ቅንነቷን አመስግነው መድኃኒቷን ይመልሱላት።

ሁለተኛው ዳይክሎፌናክ ነው፤ በእኔ ዓይን ከመጀመሪያው የባሰው እሱ ነው። እሱም ሆነ አይቡፕሮፌን ኩላሊት ጨውና ውሃ ይዞ እንዲያስቀር ያደርጋሉ። እግር ያሳብጣሉ፣ ግፊትም ያስጨምራሉ። እንግዲህ ይመልከቱ፤ ጉልበትዎን ለማስታገሥ ዋጡት፤ ግፊትዎ አልወርድ ያለበት አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል፤ ግፊቱ አልወርድ ሲል አምሎዲፒኑ ተጨመረ፤ እግርዎ አበጠ፤ እብጠቱ ሲያምዎት ሦስተኛ ዳይክሎፌናክ ጨመሩ። ጉልበትዎ ነው የጀመረው ማለት ነው።

አምሎዲፒኑን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ። ግፊት ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚጎዳው። ዳይክሎፌናኩን ከነገ ጠዋት ጀምሮ አይዋጡ፤ ቀጠሮዎን አስቀድመው በዚህ ሳምንት ይሂዱ፤ ይህንኑ ዝርዝር ከነቀኑ ያሳዩ። አምሎዲፒኑን ዝቅ አድርገው ከሎሳርታን ዓይነት ሌላ የግፊት መድኃኒት ጋር ማጣመር የተለመደ ነው፤ እነሱ መውጫውንም በር ስለሚያሰፉ እብጠቱን ይቀንሱታል። ውሳኔው የሐኪምዎ ነው። ሎሳርታን ከተጀመረልዎት ግን ዳይክሎፌናክ አጠገብ አይድረሱ፤ ሁለቱ ተባብረው ኩላሊት ይጎዳሉ።

ደግሞ «መድኃኒቱ ነው» ብለን እዚህ ፈርደን እንዳንቀመጥ። የሽንት ፕሮቲን፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒን፣ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን፣ የልብ ምርመራ ሳይታይ አይታለፍም። ልጅዎና ባለቤትዎ ያሉት የማይሆን ነገር አይደለም፣ መረጋገጥ አለበት። ግራው ለምን እንደሚቀድምም መታየት አለበት።

ማበጠሪያ፦
እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ መቆም የሚያመጣውን ጣጣ አውቀዋለሁ። የእኔ መድኃኒት አይደለም፣ የደም መላሽ ሥሮቼ በሮች ላልተው ነው። በሥሩ ውስጥ ደም ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፉ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል። የትዬ ግራ እግር መቅደም እኔንም አስጠርጥሮኛል።

የናቅሁት ነገር የት እንዳደረሰኝ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ማታ ማታ መክበድ ነበር። ቀጥሎ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በውስጥ በኩል ቆዳዬ ቡናማ ሆነ፤ ቆሻሻ መስሎኝ እፈትገው ነበር። ከዚያ ማሳከክ። ማሳከኩ ቁስል ሆነ፤ ያቺ የጣት ጥፍር የምታክል ቁስል ለመዳን ሰባት ወር ፈጀች። በመካከል ደግሞ በእግር ጣቶቼ መካከል በተሰነጠቀ ቆዳ ጀርም ገብቶ ቅልጥሜ በአንድ ሌሊት ቀላ፣ ጋለ፣ አንቀጠቀጠኝ፤ በአንቲባዮቲክ ነው የተረፍኩት። ከዚያ ወዲህ ማታ የጣቶቼን መካከል ሳላደርቅ አልተኛም፤ ቅባቴንም ከቆዳው ላይ አይለየውም።

አሁን የያዘኝ መጭመቂያ ካልሲው ነው። የመጭመቅ ኃይሉ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚለውን ዓይነት እስከ ጉልበት እለብሳለሁ። ከቁርጭምጭሚቱ ጠበቅ፣ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ ነው። በየትም ያለውን ጠባብ ካልሲ ደራርቦ መልበስ አንድ አይደለም፤ ያ መካከል ላይ እንደ ገመድ ነው የሚያንቀው።

ሲለበስ የመጀመሪያው ሳምንት ከሰው ያጣላል፤ እኔ ከባሌ ጋር ተጣልቼበታለሁ፣ እሱ ሊረዳኝ ብሎ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግር ሳያብጥ ነው የሚለበሰው። ውስጡን ገልብጬ እስከ ተረከዙ አወጣዋለሁ፤ እግሬን ተረከዙ ድረስ አስገባና የቀረውን በጎማ ጓንት እየደባበስኩ ወደ ላይ አወጣዋለሁ። ጫፉን ይዞ መጎተት የለም። ጉልበት ሥር የተጠቀለለ ጠርዝ መቅረት የለበትም። ማታ ይወልቃል። ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ጉልበቱ ያልቃል፣ ይለወጣል።

አደራ፣ ሳይመረመሩ አይልበሱ። ወደ እግር ደም የሚያወርደው ሥር የጠበበበት ሰው፣ ብዙ ጊዜ አጫሽ ወይም ስኳር ያለበት፣ ይህን ካልሲ ቢለብስ እግሩን ሊጎዳው ይችላል። በክንድና በቁርጭምጭሚት ላይ ግፊት ለክተው ነው የሚያነጻጽሩት። ሲራመድ ባቱ የሚጨመድደውና ሲቆም የሚተወው ሰው፣ ወይም ጣቶቹ ቀዝቅዘው የሚገረጡ ሰው መጀመሪያ እሱን ያስለካ።

ጠመኔ፦
ሁላችሁንም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌያችኋለሁ። አንዲት ጥያቄ፤ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ተማሪ ወረቀት አርማለሁ። ይበቃል?

ማበጠሪያ፦
እትዬ፣ በርጩማ ከምንም ይሻላል እንጂ ውሃው አሁንም ዳገት ነው የሚወጣው። እግሩ ከልብ በላይ መሆን አለበት። መሬት ወይም አልጋ ላይ በጀርባ ተኝቶ፣ ከቅልጥም በታች ሁለት ትራስ ደርቦ፣ 20 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ትራሱ ጉልበት ሥር ብቻ እንዳይሆን፣ ባቱን በሙሉ ይያዘው። ወረቀቱን በጀርባዎ ተኝተው ያርሙ።

ረጅም መንገድ፦
በጀርባ ተኝቶ የታረመ ፈተና ውጤቱ ከፍ ይላል ይባላል።

ቁም ነገሩ ግን መተኛት ብቻ አይደለም። ባት ፓምፕ ነው። በተራመድሽ ቁጥር ጡንቻው ሥሩን ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከመራመድ የሚከፋው አንድ ቦታ ተተክሎ መቆም ነው። እኔ አሁን ስነዳ በየሁለት ሰዓቱ ወርጄ መኪናዋን ሁለት ጊዜ እዞራታለሁ። ሰው ጎማ የምፈትሽ ይመስለዋል።

እንቅልፍ አጣሁ፦
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መካከል ገባሁ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የኔም እግር አብጧል፣ ሁሉም «ያለ ነው» ይሉኛል። ከትናንት ጀምሮ ግን ቀለበቴ አልወጣ አለኝ፣ ፊቴም አብጧል፣ ራሴን በጣም ያመኛል። የናንተን አንብቤ ጨው ልቀንስ?

ከመደርደሪያው ጀርባ፦
እህቴ፣ ጨውን እርሺው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ነገ አይባልም። በእርግዝና የእግር ማበጥ ብዙ ጊዜ ያለ ነው። ፊትና እጅ በድንገት ማበጥ ከከባድ ራስ ምታት ጋር ግን ያለ አይደለም። ዓይን ብዥ ማለት ወይም ከጎድን በታች በቀኝ በኩል ሕመም ከተጨመረ ደግሞ የባሰ ነው። ግፊትሽንና ሽንትሽን ዛሬ ማየት አለባቸው። ደርሰሽ ጻፊልን።

እንቅልፍ አጣሁ፦
ሄድኩ። ግፊቴ 160 በ104 ነው፣ ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አለ። አስተኝተውኛል። ባለቤቴ ነው የሚጽፍልኝ። ተባረኩ።

ጠመኔ፦ (ከአንድ ወር በኋላ)
በመጀመሪያ፣ ያቺ ነፍሰ ጡር ልጅ ወልዳለች፤ በግል መልእክት ነገረችኝ። ሕፃኑ ትንሽ ነው፣ ደህና ነው። ሌላውን ራሷ ስትፈልግ ትናገራለች።

የእኔን ልጨርስ። ቀጠሮዬን አስቀድሜ ሄድኩ። ዝርዝሩን ስሰጣት ሐኪሟ ዳይክሎፌናኩ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠችና «ይሄን ማን አዘዘልሽ?» አለችኝ። 31 ዓመት ተማሪ ሳፋጥጥ ኖሬ እንደዚያ ቀን ወለል ወለል አይቼ አላውቅም።

ክሪያቲኒኔ ደህና ነው። ሽንቴ ንጹሕ ነው፣ አልቡሚኔም ልክ ነው። የልብ አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ደህና ነው። ባለቤቴ ውጤቱን ስነግረው ደስ ያለውም ቅር ያለውም ይመስል ነበር፤ የሱ «ምርመራ» ተሳስቶበታል። እግሬ የደሙን ዝውውር በሚያሳይ አልትራሳውንድ፣ በዶፕለር ታየ፤ የረጋ ደም የለም፣ ግራው ላይ ግን ማበጠሪያ ያልሽው የላላ በር ተገኘ። ስለዚህ ነገሩ አንድ አልነበረም። ሁለቱንም እግር ያሳበጡት መድኃኒቶቹ፣ ግራውን ያስቀደመው የላላው በር።

አምሎዲፒኑ ወደ 5 ወረደ፣ ሎሳርታን 50 ተጨመረ፤ በሁለተኛው ሳምንት ፖታሲየምና ክሪያቲኒን በድጋሚ ታየልኝ። ዳይክሎፌናክ ቀረ። ለጉልበቴ ፓራሲታሞልና የታፋ ጡንቻ እንቅስቃሴ ታዘዘልኝ፤ እንቅስቃሴው አሰልቺ ነው፣ እሠራዋለሁ። በርግጥ ጉልበቴ ዳይክሎፌናክን ይናፍቃል፤ አንዳንድ ምሽት ካርቶኗን አያታለሁ። ልጄ ወስዳ ባትጥላት ኖሮ ለራሴ ዋስ አልሆንም ነበር።

እብጠቱ በማግሥቱ ይጠፋል ብዬ ነበር። አልጠፋም። ሐኪሟ አምሎዲፒን ከሰውነት ለመውጣት ቀናት እንደሚፈጅበት፣ የተጠራቀመውም ፈሳሽ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። በስምንተኛው ቀን ማታ ቀኙ 23.5፣ በሃያኛው 22.5። ግራው ትናንት ማታ 23.5 ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሌሊት መጠዝጠዙ ቆሟል። ግፊቴ 132 በ82።

ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ፊት መተከል ትቼ በወንበሮቹ መካከል እየዞርኩ አስተምራለሁ። ለባቴ ብዬ የጀመርኩት ነው፤ ኩረጃ ግን ቀነሰ። ተማሪዎቼ ስለ እግሬ የሚያዝኑበት ምክንያት አሁን ተገኘላቸው።

ካልሲው መጣ፤ ደም ወሳጁን ለክተው ልበሽ ብለውኛል። ማበጠሪያ፣ ስለ መጣላቱ የተናገርሽው ሁሉ እውነት ነው። የመጀመሪያው ቀን 25 ደቂቃ ፈጅቶብኝ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈኝ። አሁን 4 ደቂቃ ደርሻለሁ።

ቸኩሎ፦
እትዬ፣ እንኳን ደህና ሆኑ። ያኔ ያልኩትን ይቅር ይበሉኝ። እናቴንም አስመረመርኳት፣ እሷም የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ለሷም ካልሲ ታዟል። ቁጥሩን እንዴት ነው የሚመርጡት? በጫማ ቁጥር ነው?

ጠመኔ፦
በጫማ ቁጥር አይደለም ልጄ። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ለካት። ቁርጭምጭሚቷን ከአጥንቱ በላይ በጣም ቀጭኑ ቦታ ላይ፣ ባቷን በጣም ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ ከዚያ ከመሬት እስከ ጉልበቷ እጥፋት ድረስ ያለውን ቁመት። ሁለቱንም እግር ለየብቻ። እኔ ለካልሲው ማታ ለክቼ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ገዝቼ ተመልሻለሁ። ሜትሩን ሳትጎትተው ለካ፣ ሦስቱንም ቁጥር ጽፈህ ይዘህ ሂድ።